ጎንደር ላይ የቅርጫት ኳስ ጫማ ማሰፋት ለምትፈልጉ

ፒያሳ፣ ከጃንተከል ዋርካ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ደረጃ ሥር ሰማያዊ ሸራ ወጥረው የሚሠሩ ጫማ ሰፊ አሉ። ታፔላ የላቸውም። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ እዚህ ላይ ጋሼ እላቸዋለሁ። ተማሪዎቼም የሚጠሯቸው እንዲሁ ነው።

እኔ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ጠዋት ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን ቅርጫት ኳስ አሠለጥናለሁ። ሴቶችም ወንዶችም አሉ። ላለፉት ሁለት ዓመታት የልጆቹ ጫማ ሲቀደድ የምወስደው ለጋሼ ነው። ደብተሬ ላይ የያዝኩት 41 ጥንድ ደርሷል። ከዚህ ሁሉ ተመልሶ አፉን የከፈተው ሦስት ብቻ ነው። ሦስቱንም ያለ ተጨማሪ ሂሳብ ደግመው ሰፍተውልኛል።

ስለ ጫማ ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ላስረዳ። ሜዳችን ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ደግሞ ሶል ይበላል። የሚጎዳው ሩጫው አይደለም፤ መዞሩ ነው። ልጁ በአንድ እግሩ ቆሞ ይዞራል፣ ድንገት ይቆማል፣ ወደ ጎን ይስፈነጠራል። ለሩጫ የተሠራ ጫማ ይህን አይችለውም፤ ጎኑ ላይ ይተረተራል። ደህና የቅርጫት ኳስ ጫማ አዲሱን ልግዛ ካላችሁ የብዙዎቹ ወላጆች የወር ወጪ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ ሄደን ሰልባጅ እንፈልጋለን። እዚያ አንዳንዴ በጣም ጥሩ ጫማ ይገኛል። ላዩ ጠንካራ፣ ገበሩ ንጹህ። ማስቲሹ ግን አርጅቷል። ሁለት ሳምንት ከተጫወቱበት ሶሉ ይለቃል።

ከጋሼ ጋር ያገናኘኝም ይኸው ችግር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ሱቅ «ኦሪጅናል ነው፣ አዲስ ነው» ተብዬ ስድስት ጥንድ ገዛሁ። ገንዘቡ ወላጆች በየወሩ ያዋጡት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አራቱ ለቀቁ። ስመልሳቸው ባለሱቁ «ተጠቅማችሁበታል፣ አይመለስም» አለኝ። ጫማዎቹን በፌስታል ይዤ መንገድ ዳር ቆምኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር። ሻይ የምትሸጥ አንዲት ልጅ ፌስታሉን አየችና «እሳቸው ጋ ውሰጂው» ብላ ወደ ሰማያዊው ሸራ ጠቆመችኝ።

ጋሼ ጫማዎቹን አንድ በአንድ አነሡ። ሶሉን በአውራ ጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። ቀና ብለው «ልጄ፣ ይኼ የሚጣበቅ ብቻ አይደለም፤ ካልተሰፋ ተመልሰሽ ትመጫለሽ» አሉኝ። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ዓይነት ጫማ ይሰፋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አሠራራቸውን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። መጀመሪያ አሮጌውን ማስቲሽ በምላጭ ይፍቁታል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ሁለቱንም ገጽ ያሻክሩታል። ሌላ ቦታ የሚዘለለው ይኼ ሥራ ነው፤ ብዙዎቹ በአሮጌው ላይ አዲስ ይቀቡና ይሰጧችኋል። ጋሼ ማስቲሹን ሁለቱም ላይ ቀብተው እጅ እስከማይዝ ይጠብቃሉ። ከሰል ምድጃው ላይ ትንሽ ያሞቁትና ይገጥሙታል። ቀጥሎ ከአሮጌ ከመነዳሪ በቀጭኑ የተቆረጠ ማሰሪያ ያወጣሉ። ጫማውን ከአፍንጫው እስከ ተረከዙ እንደ አራስ ልጅ ጠቅልለው ያስሩታል። እንደታሰረ ያድራል። በማግሥቱ ሶሉ ዙሪያ ቀጭን ቦይ ያወጡና በወስፌ፣ ሰም በተቀባ ክር ይሰፉታል። ቦዩ የሚወጣው ክሩ ውስጥ ገብቶ እንዲቀመጥ ነው። ሲሚንቶ ክሩን አያገኘውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከዕለታት አንድ ቀን የአንዲት ተማሪዬን ጫማ ወሰድኩላቸው። ገልብጠው ትንሽ ዝም አሉ። ግራ ሶሉ ላይ፣ ልክ ከአውራ ጣት ሥር፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል ክብ ተበልቶ ነበር። ቀኙ ላይ የለም። «ይቺ ልጅ ግራ እግሯ ላይ ነው የምትዞረው አይደል?» አሉኝ። ደነገጥኩ። ሜዳችንን አይተውት አያውቁም። ቅርጫት ኳስም አይተው አያውቁም። ቀጠሉና የሌላውን ልጅ አነሡ። የሱ ሁለቱም የተበላው ተረከዙ ጋ ነው። «ይኼኛው ግን አይዞርም፣ ይረግጣል» አሉ። ትክክል ነበሩ። ያ ልጅ ኳስ ሲቀበል ሁልጊዜ በተረከዙ ነው የሚቆመው። ስድስት ወር ስነግረው ያልገባውን ጫማውን ገልብጬ ሳሳየው ወዲያው ገባው።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስሄድ በእግሩ ሥራ የታወቀው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሀኪም ኦላጁዋን ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ።

በ1987 ዓ.ም. ገደማ የእናቴ ወንድም ከአሜሪካ አንድ የቪዲዮ ካሴት ላከልን። ውስጡ የ1994 እ.ኤ.አ. የኤን.ቢ.ኤ.፣ የአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ፍጻሜ ጨዋታዎች ነበሩ። የሀኪም ቡድን ሂውስተን ሮኬትስ ከኒውዮርክ ኒክስ። የአሜሪካ ካሴት በእኛ ማጫወቻ ቀለም አይሰጥም ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። የሮኬትስ ቀለም ቀይና ቢጫ መሆኑን ያወቅኩት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ግን የሀኪም 34 ቁጥር ይታየኝ ነበር። እግሩም ይታየኝ ነበር። ካሴቱን እስኪያልቅለት አየሁት። እኔ ራሴ አስተማሪ ለመሆን የወሰንኩት እዚያ ሳሎን ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሀኪም የተወለደው በ1963 እ.ኤ.አ. ሌጎስ፣ ናይጄሪያ ነው። ልጅ እያለ የእግር ኳስ በረኛ ነበር፤ የእጅ ኳስም ይጫወት ነበር። ቅርጫት ኳስን የነካው በአሥራዎቹ አጋማሽ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግረው በ14 ዓመታቸው «አልረፈደብንም ወይ ቲቸር?» ስለሚሉኝ ነው። ወላጆቹ ሲሚንቶ ነጋዴዎች ነበሩ። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ሜዳቸውን አይተው ይስቃሉ። ከሌጎስ ወደ ሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ክረምት ሲሆን ከሞሰስ ማሎን ጋር አንድ የሕዝብ ጂም ውስጥ ይጋጠም ነበር። ማሎን በዚያን ጊዜ የሊጉ ኃይለኛ ሰው ነው። ተማሪውን ልጅ ትከሻ ለትከሻ እየገፋ አጠነከረው። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሦስት ዓመት ተከታታይ እስከ መጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ደረሰ። በ1984 እ.ኤ.አ. ፍጻሜ ላይ ግን ፓትሪክ ኢዊንግ የሚጫወትበት ጆርጅታውን አሸነፋቸው።

በዚያው ዓመት፣ የሊጉ ቡድኖች በየተራ አዳዲስ ተጫዋቾች በሚወስዱበት ምርጫ፣ ሮኬትስ አንደኛ አድርጎ ወሰደው። ማይክል ጆርዳን ሦስተኛ ነበር። ሰው ሁሉ ጆርዳንን ትቶ ሳም ቦዊን ሁለተኛ አድርጎ የመረጠውን ፖርትላንድን ይወቅሳል። ሂውስተንን ግን ማንም አይወቅስም።

ካሴቱ ላይ ለኒክስ የሚጫወተው ኢዊንግ ያ ከአሥር ዓመት በፊት ያሸነፈው ሰው ነው። ፍጻሜው እስከ ሰባት ጨዋታ ይሄዳል፤ አራት ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ይህ ስድስተኛው ጨዋታ ነው። ሮኬትስ በሁለት ነጥብ ይመራል። ከተሸነፉ ዋንጫው የኒክስ ነው። የኒክሱ ጆን ስታርክስ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ለመጨረሻ ጊዜ ይነሣል። ከገባች አለቀ። ሀኪም ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ረጅም ሰው በተለምዶ ከቅርጫቱ ሥር አይርቅም። እሱ ግን እስከ መስመሩ ወጥቶ ኳሷን በጣቱ ጫፍ ነካት። 86 ለ84 አለቀ። ሰባተኛውን ሮኬትስ 90 ለ84 አሸነፈ። ያቺን ኳስ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እየመለስኩ እንዳየኋት አልቆጥረውም። እጁን ሁሉም ያያል። እኔ የማየው እዚያ ያደረሱትን ሦስት እርምጃዎች ነው።

በዚያ ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች፣ ምርጥ ተከላካይና የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ሆነ። በአንድ የውድድር ዘመን ሦስቱንም የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ነው። በቀጣዩ ዓመት ሮኬትስ ከምድቡ ስድስተኛ ሆኖ ገባና ደግሞ ዋንጫ በላ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ዝቅ ካለ ደረጃ ተነሥቶ ዋንጫ የወሰደ ቡድን የለም። መንገዱ ላይ የዚያን ዓመት ምርጥ ተጫዋች የተባለውን ዴቪድ ሮቢንሰንን አገኘው። ከሮቢንሰን ቡድን ጋር በተደረገው ስድስት ጨዋታ ሀኪም በአማካይ 35.3 ነጥብ አስቆጠረ። ፍጻሜው ላይ ወጣቱን ሻኪል ኦኒልን ይዞ የመጣውን ኦርላንዶን 4 ለ0 ሸኙት። «ሀኪም ዋንጫ የበላው ጆርዳን ስላልነበረ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ንግግር ያበሳጨኛል። ጆርዳን በ1995ቱ የማጣሪያ ዙር ነበረ፤ ቡድኑን ያሸነፈው ኦርላንዶ ነው። ያንን ኦርላንዶ ደግሞ አራት ለባዶ የሸኘው ማን ነው?

ያገዳቸው ኳሶች 3,830 ናቸው። እስከ ዛሬ በሊጉ ታሪክ አንደኛ ነው። በመጋቢት 1990 እ.ኤ.አ. ከሚልዋኪ ጋር በአንድ ጨዋታ 18 ነጥብ፣ 16 ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ)፣ 10 አሲስት (ለሚያገባ ማቀበል) እና 11 ብሎክ (ኳስ ማገድ) ይዞ ወጣ። በሊጉ በአንድ ጨዋታ በአራት ነገር አሥርና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ግን ለኔ ሀኪም ማለት ድሪም ሼክ የተባለው ማታለያው ነው። ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ኳስ ይቀበላል። ትከሻውን ወደ መሃል ይሰብቃል። ጠባቂው ወደዚያው ይሄዳል። ወደ ዳር መስመሩ ዞሮ ሊወረውር የተነሣ ይመስላል። ጠባቂው ይዘላል። ሀኪም የቆመበትን እግር ሳያነሣ ከሥሩ ሾልኮ ያገባታል። ይህንን ለልጆች ማስተማር አቅቶኝ ነበር። አንድ ቀን «ትከሻችሁ እስክስታ ይውረድ፣ እግራችሁ ግን ይቁም» አልኳቸው። የጎንደር ልጅ እስክስታ አይነገረውም። በአንድ ከሰዓት ገባቸው። ያቺ ግራ ጫማዋ የተበላባት ልጅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ገባት። ያ ሳንቲም የሚያክል ክብ የመጣው ከዚያ ነው።

ጋሼ ለዚያ ክብ ያደረጉትን ልንገራችሁ። ከመኪና ጎማ፣ በረባሶ ከሚሠራበት፣ ስስ ቁራጭ ላጡ። የተበላውን ቦታ ክቡን ጠብቀው ቆረጡትና ቁራጩን ገጠሙበት። ሠርቷል። ግን በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቷ ሁለት ጊዜ አዳለጣት፤ ጎማው ከሶሉ ይልቅ ልሙጥ ነበር። መልሼ ወሰድኩት። ጋሼ አልተከራከሩኝም። «እኔ መንገድ የሚሄድበት መስሎኝ ነው የሠራሁት» ብለው በሞረድ አሻከሩት፤ ቀጫጭን መስመርም አወጡበት። ከዚያ በኋላ አላዳለጣትም። አሁን ልጅቷ በዚያው ጫማ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

ሌላም ነገር አለ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙ። ከቡድኔ ግማሹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ሌሎቹ እስከ መግሪብ። ልምምዱን ላቋርጥ ወይስ ልቀጥል ብዬ ተጨነቅኩ። ሀኪም ሙስሊም ነው፤ በረመዳን ጾሙን እንደያዘ ይጫወት ነበር። ከንጋት በፊት ተምር በልቶ፣ ብዙ ውሃ ጠጥቶ ይነሣል። በ1995 እ.ኤ.አ. ረመዳን የካቲት መጀመሪያ ላይ ገባ። የዚያን ወር የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለው እሱ ነው። ይህን ለልጆቹ የነገርኳቸው እንዲመኩበት እንጂ እንዲፎካከሩበት አይደለም። ሩጫውን አቆምን። ሰዓቱን ወደ ጠዋት አዞርነው። ሁለት ወር ሙሉ እግር ብቻ ሠራን፦ መቆም፣ መዞር፣ ትከሻ። ፋሲካና ኢድ አልፈው ሩጫ ስንጀምር ልጆቹ ሌላ ልጆች ነበሩ።

ጋሼም ይጾማሉ። ከወስፌያቸው ቀና ሳይሉ ስለ ሀኪም ይጠይቁኛል። አንድ ቀን የጫማውን ነገር ነገርኳቸው። በ1995 እ.ኤ.አ.፣ በስሙ ጫማ ማሠራት በሚችልበት በዝናው ጫፍ ላይ፣ ሀኪም ከስፓልዲንግ ጋር 35 ዶላር ገደማ የሚሸጥ ጫማ አወጣ። በዚያን ጊዜ ታዋቂዎቹ ጫማዎች ከመቶ ዶላር በላይ ናቸው። ሦስት ወንዶች ልጆች ያሏት ድሃ ሠራተኛ እናት 120 ዶላር ለጫማ ከየት ታመጣለች ብሎ ተናግሯል። በአሜሪካ ከተሞች ልጆች በጫማ ምክንያት ሲዘራረፉ፣ ሲገዳደሉም ሰምቶ ነበር። ጋሼ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና «ስንት አልሽኝ? ሌላው ስንት ነበር?» አሉ። ደገምኩላቸው። «እናት ያሳደገችው ነው» አሉኝ። በዚያው ሳምንት የተማሪ ዋጋ 250 ብር አደረጉልኝ። እኔ አልጠየቅኳቸውም።

ለሌላ ሰው ማጣበቅና መስፋት ለአንድ ጥንድ 300 ብር ነው። ማጣበቅ ብቻ 120። የጎማ ቁራጭ ካለበት 50 ብር ይጨመራል። ይህ እኔ የከፈልኩት ነው፤ ክርና ማስቲሽ ሲወደድ ይለወጣል።

የማይመቸኝንም ልናገር። ቀጠሮ አይጠበቅም። «ሐሙስ» ካሉ ቅዳሜ ነው። የበዓል ቀን አይሠሩም፤ በወር ውስጥ ስንት በዓል እንዳለ ታውቃላችሁ። ውድድር ካለባችሁ ከሳምንት በፊት ስጡ። አንድ ጊዜ የጨዋታ ዋዜማ ሦስት ጫማ ሳይደርስልኝ ሦስት ልጆች ተቀያይረው ተጫውተዋል። ያን ቀን በጣም አዘንኩባቸው፤ ነገርኳቸውም። ይቅርታ ጠየቁኝ። ክሩም ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ነጭ ጫማ ላይ በጣም ይታያል፤ አንዳንድ ልጆች ያፍሩበታል። ነጭ ክር ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትወስዱ ይሰፉላችኋል። የተሰፋ ጫማ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፊቱ ይደርቃል። ልጆቹ ሁለት ቀን ቤት ውስጥ እያደረጉት እንዲያለሰልሱት አደርጋለሁ። ክረምት ላይ ማስቲሹ ቶሎ ስለማይደርቅ ሁለት ቀን ጨምሩ።

ሀኪም ከ18 የውድድር ዘመን በኋላ ነው ያቆመው፤ የመጨረሻውን ብቻ ቶሮንቶ ተጫወተ። በ2008 እ.ኤ.አ. የዝነኞች አዳራሽ ገባ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ ወዲህ ያደረገው ነው። ኮቤ ብራያንትና ሌብሮን ጀምስ ዝናቸው ጫፍ ላይ ሆነው ሂውስተን ድረስ ሄደው የእግር ሥራ አስተምረን ብለውታል። አስተምሯቸዋልም። እነዚያን የመሰሉ ሰዎች መቆምና መዞርን ለመማር ከሄዱ፣ እኔ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ግራ እግሯን በደንብ እንድታቆም ሁለት ወር ብፈጅ አይቆጨኝም።

ለመሄድ ካሰባችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ድረሱ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ወረፋ አለ። ጫማውን አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ ውሰዱ። ማሰሪያውን አውጡት። የልጅ ጫማ ከሆነ ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ። ጋሼ ጫማውን ገልብጠው ካዩ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ «እስቲ ዙር» ይሉታል።